ቆርጬ ያወጣሁት ጥቁር መስመር

ሞላ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የእምነ በረድ መቁረጫ ቤት አለኝ። ሐውልት እሠራለሁ፣ የደረጃ ንጣፍ እሠራለሁ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈውንም እሠራለሁ። አፌ ፈጣን ነው፤ ቁጣዬ ደግሞ ከአፌም ይፈጥናል። ሚስቴ አስቴር «አንተ መጀመሪያ ትቆጣለህ፣ ከዚያ ምክንያት ትፈልጋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሥራዬን ግን ማንም አያማውም። በተለይ በአንድ ነገር የታወቅኩ ነኝ። መሐሉ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ድንጋይ ካመጣችሁልኝ፣ ክፉውን ቆርጬ አወጣና ደህናውን ከደህናው ገጥሜ፣ በማስቲሽ አጣብቄ፣ ፖሊሽ አድርጌ እሰጣችኋለሁ። መገጣጠሚያውን በጥፍራችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። በዚህ እኮራ ነበር። የምነግራችሁም ይኸው ኩራቴ እንዴት አድርጎ እንዳዋረደኝ ነው።

ጊዜው የክረምት መግቢያ ነበር። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ደግሞ ይተወዋል። አንዲት ልጅ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ግቢያችን ገባች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ትሰነጥቁልኛላችሁ?» አለችኝ።

«ሌላ ምን ሥራ አለን ብለሽ!»

ሳቀች። ሌንሳ እንደምትባል፣ ቤተሰቦቿ ሱሉልታ እንደሚኖሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዶክትሬቷ እየተማረች እንደሆነ ነገረችኝ። የትምህርት ቤታቸው መቁረጫ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው፤ የማስረከቢያዋ ቀን ግን አይጠብቃትም። ፎጣውን ስትገልጠው ክንድ የሚያህል፣ ከላዩ ሾጠጥ ያለ፣ ቡኒ ድንጋይ ወጣ። በማርከር ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተሥሎበታል።

መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰው ቶሎሳ አንገቱን አስግጎ አየና «ይኼ ደግሞ ምንድነው? የዝሆን ጥርስ ነው እንዴ?» አለ።

«ስታላግማይት ይባላል» አለችው። «ዋሻ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፤ እያንዳንዷ ጠብታ መሬት ላይ ትንሽ ኖራ ትታ ትሄዳለች። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ሲጋገር አይታችሁ የለ? እንደሱ። ብዙ ሺህ ዓመት ሲጠራቀም እንዲህ ይሆናል።»

«እና ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«የዱሮውን ዝናብ ይነግረኛል። ሲዘንብ ያድጋል፣ ሳይዘንብ ይቆማል። ከሐረርጌ በኩል ካለ ዋሻ ነው ያመጣሁት። የአገሩ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ለምኛቸው፣ አንድ ብቻ ውሰጂ ብለው ፈቀዱልኝ። ሌላ የለኝም።»

ይህን ስትል ሰምቻለሁ። ልብ አላልኩትም እንጂ ጆሮዬ ሰምቶታል።

«ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁልኝ፣ በቃ። ሌላ ምንም አትንኩት» አለች። «ምንም አትንኩት» የማይል ደንበኛ የለም። የሐውልት ደንበኛም «ምንም አትንኩት» ይልና፣ ሲያበራ ሲያየው ይመርቀናል። ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነገ ጠዋት እንድትመጣ ነገርኳት። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ትንሽ ሄደች፣ ተመልሳ ፎጣውን አለበሰችው፣ ከዚያ ሄደች። ቶሎሳ ሳቀባት። እኔም ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ድንጋዩን አሰርነውና ቶሎሳ ዲስኩን ሰደደበት። ሲከፈት ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ቀረን። ማርና ወተት የተደራረበ ነው የሚመስለው። ሽንኩርት ለሁለት ስትከፍሉ እንደምታዩት፣ ስስ ስስ እያለ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል። መሐሉ ላይ ግን አግድም የሄደ አንድ ጥቁር ቡኒ መስመር አለ፣ ጣት የሚወፍር። በጥፍሬ ስነካው ፈረፈር አለ። አቧራ ነው፣ ጭቃ ነው።

«አይ፣ ይኼማ በስብሷል» አልኩ። «ልጅቷ መንገድ ላይ ሳለች ለሁለት ይሰበርባታል።»

«ጋሼ፣ ምንም አትንኩ ብላለች እኮ» አለ ቶሎሳ።

«አንተ ሥራህን ሥራ! እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዘንኩላት። ያን ሁሉ አገር ተሻግራ፣ ሽማግሌ ለምና፣ ያመጣችው ድንጋይ መሐሉ በሽተኛ ሆነባት ብዬ አዘንኩ። ስለዚህ ከሁለቱም ግማሾች ጥቁሩን መስመር፣ ከላይም ከታችም ትንሽ ደህና ደህናውን ጨምሬ፣ ቆርጬ አወጣሁት። ቁራጮቹን ውጪ ያለው የቁርጥራጭ ክምር ላይ ወረወርኳቸው። በየግማሹ የቀረውን ላይና ታች ገጥሜ አጣበቅኩ። ደርቆ ሲያበቃ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ፖሊሽ አደረግኩት። የማርከሩን ቀስት እንኳ በቲነር አጠብኩላት። አንድ ሳንቲም አላስከፍላትም ብዬ ወሰንኩ። ያን ምሽት ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሌንሳ ስትመጣ አንድ ጥቁር የለበሰ ሰው አብሮኝ ነበር፤ ለሚስቱ ሐውልት ሊመርጥ የመጣ። እሷን ሳይ «ነይ፣ ነይ! እርስዎም ይምጡ፣ ይዩ!» ብዬ ሁለቱንም ጠራኋቸው። ጨርቁን ገለጥኩት። ድንጋዩ ያበራል።

ፈገግ እንዳለች ጎንበስ አለች። ጣቷን በላዩ ላይ አስኬደች፣ መለሰች፣ ደግሞ አስኬደች። ፈገግታዋ እያየሁት ጠፋ።

«ጋሼ... ይኼ አጥሯል።»

«አጥሯል አይደል! ቆሻሻውን አወጣሁልሻ! እስቲ የት ጋ እንደተገጠመ አግኚው!»

አላገኘችውም። ማንም አያገኘውም። እዚያው የነበረ የእምነ በረድ ጉማጅ ላይ ቁጭ አለች። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» እስክትል እየጠበቅኩ ነው።

«ሳይሰነጠቅ በራጅ አይቼው ነበር» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። እኔ የፈለግኩት እሱን ነው ጋሼ። ሌላውን አይደለም። ሦስት ዓመት የለፋሁት ለእሱ ነው።»

ያኔ «አጠፋሁ» ማለት ይገባኝ ነበር። አንድ ቃል ናት። ግን ነግሬያችኋለሁ፣ እኔ መጀመሪያ ነው የምቆጣው።

«ለጭቃው ነው የምታለቅሺው? ሰው ደህናውን ይፈልጋል እንጂ ብስባሹን ይፈልጋል? እንዲህ አሳምሬ ሰጥቼሽ! ድንጋይ ነው እኮ እህቴ፣ ሰው አልሞተብሽ!»

ጥቁር የለበሰው ሰውዬ እጄን ያዘኝ። «ተው ወንድሜ፣ ተው» አለ። «ሐዘንተኛ ላይ አይጮህም። ማን ሞቶባት ነው?»

እናንተዬ! ሐዘንተኛ መስላው ነው። ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ፣ ለሷ ነው ያዘነው። ሌንሳም ይቅርታ ጠይቃው «ሰው አይደለም አባቴ፣ ሥራዬ ነው» አለችው፤ እሱ ግን «ሥራም ያው ነው» ብሎ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደንበኛዬ ፊት፣ ሠራተኞቼ ፊት፣ እንደ እብድ ስጮህ።

«ቁራጮቹ የት አሉ?» አለች ሌንሳ ብድግ ብላ። «ሁለት ናቸው አይደል? ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ይበቃኛል።»

ሁላችንም ወደ ክምሩ ዞርን። ክምሩ የለም። መሬቱ ተጠርጎ ነጥቷል።

«ኦቦ ደበላ በጠዋት መጥተው ጭነውታል» አለ ቶሎሳ። ኦቦ ደበላ ሰበታ መግቢያ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢያቸው ጭቃ እየሆነ ስላስቸገራቸው፣ ቁርጥራጩን ወስደው በሲሚንቶ እንዲያነጥፉት እኔው ነበርኩ የፈቀድኩላቸው። «ዝናብ ሳይቀድመን ዛሬውኑ እናነጥፋለን ብለዋል» አለ ቶሎሳ። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። አይሠራም።

ለሌንሳ «ግቢ፣ መኪና ውስጥ ግቢ» አልኳት። ሲሚንቶ ውስጥ ከገባ አለቀ፤ ያ ፈርፋራ ነገር ከሲሚንቶ በመዶሻ ተፈልቅቆ አይወጣም። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም።

በአስኮ ወርደን፣ በጦር ኃይሎች ዞረን፣ አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሚኒባሱ ጥሩምባ፣ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፤ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሌንሳ የተጣበቀውን ድንጋይ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ሰማዩን ታያለች። ሰማዩ ደግሞ ወደ ሰበታ በኩል ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ይቅርታ» አልኳት በመጨረሻ። «ጭቃ መስሎኝ ነው።»

«ጭቃማ ነው» አለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ግን ጋሼ፣ እይው። ከሱ በታች ያለው ዝናብ ነው። ከሱ በላይ ያለውም ዝናብ ነው። መሐሉ ላይ ጠብታው ቆመ። ኖራው ማደጉን ተወና አቧራ ብቻ ወረደበት። እኔ የምፈልገው እንዴት እንደቆመ ነው። ቀስ እያለ ነው ወይስ ድንገት? ብዙ ሰው አየር ሲለወጥ ቀስ ብሎ፣ በብዙ ትውልድ ይመስለዋል። ራጁ ላይ ያየሁት ግን ድንገት ነው የሚመስለው። ልጅ ሆኖ ዝናብ ያየ ሰው፣ ልጆቹን ሳያሳድግ ዝናብ የቆመበት።»

«እና አንተ እንደገጠምከው» አለች ድንጋዩን እያየች «ምንም እንዳልሆነ ነው የሚመስለው። ዝናብ፣ ከዚያ ዝናብ። እኔ ራጁን ባላይ ኖሮ ይህንኑ ጽፌ ነበር የማስገባው። ማንም አያውቅም ነበር።»

መኪናው ትንሽ ሄደና ቆመ። ለጨዋታ ያህል ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አገርህ ወዴት ነው?»

«የዚሁ ነኝ» አልኳት ወዲያው። «አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ።»

ውሸት ነው። ለማንም የምለው ነው፤ ከመልመዴ የተነሣ ምላሴ ሳያማክረኝ ይለዋል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቴ ናት ይዛኝ የወጣችው። መጠለያ ውስጥ ነበርን፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጣን፣ እሷ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጇን ዘርግታ አሳደገችኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ እግሬን እያዩ፣ ቅጥነቱን እያዩ፣ «ረሃብ» ነበር የሚሉኝ፤ ስሜ እስኪመስል ድረስ። ሳድግ፣ ሙያ ስይዝ፣ ያን ስም ቀበርኩት። ሳገባ ለአስቴር አልነገርኳትም። ልጆች ሲወለዱልኝ፣ ከእኛ ጋር የምትኖረውን እናቴን ለብቻዋ ጠርቼ «ያን ዘመን እነሱ ፊት እንዳታነሺ» አልኳት። «እሺ» አለች። አንድም ቀን አላነሳች። እና ልጅቷ ጎኔ ቁጭ ብላ፣ ዝናብ ስለቆመበት ዘመን እየነገረችኝ፣ እኔ መሪውን ይዤ አዲስ አበባ ተወለድኩ እላታለሁ።

ዓለም ገናን አልፈን ኦቦ ደበላ ግቢ ስንደርስ ግማሹ ተነጥፏል። ሁለት ሰዎች ሲሚንቶ እያቦኩ ነው። ኦቦ ደበላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ።

«አከም ጂርቱ ኦቦ!» አልኳቸው እየሮጥኩ።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና። ምነው ልጄ? ምን አሯሯጠህ?»

ነገርኳቸው። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። በኦሮምኛ ለሠራተኞቹ «ሥራውን አቁሙ» አሏቸውና ተነሡ። ያልተነጠፈውን ክምር አንድ በአንድ እያነሣን አየን። ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ሮዝ። የለም። ሌንሳ የተነጠፈው ላይ ተንበርክካ በመዳፏ ሲሚንቶውን ትጠርጋለች።

«ጋሼ!» አለች።

በበሩ ደፍ አጠገብ፣ ማርና ወተት የሚመስለውን ጠርዙን አየሁት። እንዲገጥምላቸው በመዶሻ ከስክሰውታል። ጥቁሩ መስመር ዱቄት ሆኖ ከሲሚንቶው ጋር ተለውሷል። ጣቷን አስገብታ ቆንጠር አደረገችና አየችው። የመጀመሪያው ጠብታ ዝናብ አንገቴ ላይ አረፈ።

«ሌላ አንድ አለ፤ እሱን የሚመስል፣ መንታው» አልኩ። «ኦቦ፣ አላዩም? መሐሉ ጥቁር ያለበት።»

«ጥቁር?» አሉ። አሰቡ። «ጥቁር ያለበትን እኔ ነኝ ያነሣሁት። ለደጃፍ መልኩ ደስ አላለኝም። በርሜሉ ሥር ሸጎጥኩት፣ እንዳይወላገድ።»

ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ የሚያጠራቅሙበት ትልቅ በርሜል ነው፤ የሰሞኑ ዝናብ ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለ። ያ ሁሉ ክብደት ተጭኖበት፣ ጠርዙ ብቻ ከበርሜሉ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። በርሜሉን ገፋ ብናደርገው ይፈጨዋል።

«ውሃው ይደፋ» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ኧረ አባባ፣ ውሃዎት...» አለች ሌንሳ።

«ሰማዩን አታዪም እንዴ? ይመልሰዋል።»

በባልዲ ቀዳን፣ በጆግ ቀዳን፣ ባዶ ሲሆን አራት ሆነን ወደ ላይ አነሣነው። እኔ በደረቴ ጭቃው ላይ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ይዣለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ ይዤ አላውቅም። ቀስ አድርጌ ሳብኩት። አንድ ጫፉ ተሸርፏል። ጥቁሩ መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር አለ፤ ከሥሩም ከላዩም ነጩን እንደያዘ። ሌንሳ ከሹራቧ ሥር ደበቀችውና እያለቀሰች ሳቀች። «ይበቃኛል፣ ይበቃኛል» ትላለች።

ዝናቡ ሲበረታ በረንዳው ሥር ገባን። ኦቦ ደበላ ድንጋዩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አለበት?» አሏት። ለእኔ እንደነገረችኝ ነገረቻቸው። ጣታቸውን ከታች ከነጩ አንሥተው ወደ ጥቁሩ አስጠጉ።

«ሰዎቹስ?» አሉ። «እዚያ አገር የነበሩት ሰዎች፣ ይኼ ሲመጣባቸው ምን አደረጉ?»

«እሱን ድንጋዩ አይነግረንም አባባ» አለች። «ተሰደው ይሆናል። አልቀውም ይሆናል። ምን እንዳደረጉ አናውቅም።»

«ይሄዳሉ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ማቆም አልቻልኩም።

«መጀመሪያ በሬው ይሸጣል። ከዚያ ዘሩ ይበላል። ዘር የተበላ ቀን ሰው ያለቅሳል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። በቀን አይወጣም፤ ጎረቤት ያያል፣ ያሳፍራል። ጎረቤቱም በዚያው ሰዓት ይወጣል። መንገድ ላይ ሲገናኙ አይተያዩም፤ እንዳልተያዩ ሆነው ይተላለፋሉ።»

ሌንሳ አፏን ከፍታ ቀረች። «አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት አላልክም?»

«ዋሸሁሽ» አልኳት። ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ነው እሷ ፊት ያፈርኩት፤ አሁን ግን ቁጣ አልመጣልኝም።

ዝናቡ አዲሱን ንጣፍ ይደበድባል። ኦቦ ደበላ አንገታቸውን ደፉ።

«በሰባ ሰባቱ የተሰደዱት በእኛም በር መጥተው ነበር» አሉ። «አባቴ ጎተራ ነበረው፣ እህል ነበረን። ለጥቂቶቹ ሰጠን። ሲበዙብን በሩን ዘጋን። ደጃፉን ተደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጎረምሳ ነበርኩ። ከውጭ የልጅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።» ድንጋዩን ለሌንሳ መለሱላት። «አንተ ነህ እንዴ የምታፍረው? የማፍረውስ እኔ! አንተ ምን በወጣህ!»

ሽማግሌ ፊቴ እንባውን ሲያብስ ጭቃዬን እንደለበስኩ ቆሜ አየሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬን አልቀየርኩም። አሁንም ቆርጬ እገጥማለሁ፤ ሰው ሐውልት ላይ ስንጥቅ አይፈልግማ። ግን አሁን እጠይቃለሁ። «ይኼ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ቶሎሳም «ጋሼ ዶክተር ሆነ» ይለኛል። ሌንሳ ቁራጯን ለምርመራ ልካለች፤ ውጤቱ ገና ነው። ድንገት ይሁን ቀስ ብሎ እሷ ትነግራችኋለች። እኔ ከራሴ የማውቀው ይህን ነው፤ እኔ ዝናብ ያየሁ ልጅ ነበርኩ፣ ከዚያ አላየሁም፤ በመሐሉ ያደግኩት በጣም ትንሽ ነበር። እናንተም ቤት ዝም እንዲል የተደረገ እናት ወይም አባት ካለ፣ ዝም ያሰኘው ማን እንደሆነ እስቲ አስቡ። እኔን ይህን ለማሰብ ድንጋይ ነው ያስገደደኝ፤ ያውም የሰው ድንጋይ አበላሽቼ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ስገባ አስቴር ልብሴን አይታ ጮኸች። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት፣ ነጠላዋን ደርባ ተቀምጣለች። ልጆቹ ቴሌቪዥን ያያሉ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«እማዬ» አልኳት። «ከየት እንደመጣን ለልጆቹ ንገሪያቸው።»

አየችኝ። መጀመሪያ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

«ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ።»

«እኔ እኮ» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «በእኔ ያፈርክ መስሎኝ ነበር። ለምኜ ስላሳደግኩህ። የቤተ ስኪያን ደጅ ስለተቀመጥኩ። ልጄ አፈረብኝ ብዬ፣ እውነቱን ነው ብዬ፣ ዝም አልኩ።»

ስንት ዓመት! እኔ ራሴን የሸሸግኩ ሲመስለኝ፣ እሷ በገዛ ቤቴ በየቀኑ በልጇ የታፈረባት ሆና ኖራለች። «አይደለም እማዬ» ማለት ፈለግኩ። ደግሞ አይደለም ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ነገረቻቸው። ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትጨምር። አስቴር ቆማ ሰማች። ትንሿ ልጄ ቤዛ አያቷ እግር ሥር ተጠግታ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

«እማማ፣ ያን ሁሉ መንገድ አባዬን ተሸክመሽው ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«አዎ» አለች እናቴ።

«አልከበደሽም?»

«ምን ክብደት ነበረው ብለሽ ነው ልጄ።»

አስቴር ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ጭቃዬን እንደለበስኩ፣ ቀና ማለት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።